በደረቴ ላይ የተሰበረችው ፍላሽ

አንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር የታሰረችውን ነገር የሚያይ ሰው ክታብ ይመስለዋል። ደፈር ያለውም የትኛው ደብተራ ጻፈልሽ ይለኛል። ክታብ አይደለችም። ፍላሽ ናት። የልጄ ቀብር ያለባት ፍላሽ ናት።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይኼን የምትጽፈው የልጄ ልጅ ናት። እንዳልኩት ጻፊው፣ አታሳምሪው ብያታለሁ። አንዳንድ ቦታ ላይ እናቷ አለችበት፤ እሱንም እንዳትዘዪው ብያታለሁ።

የሞተው የመጨረሻ ልጄ ነው፣ ግንበኛው። ደብረ ታቦር ከተማ ቤት ተከራይቶ ነበር የሚሠራው። እኛ ያለነው ከጉና እግር ስር ነው፤ ገብስና ድንች እንጂ ሌላው አይሆንልንም፣ ብርዱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የበጉን ጠጉር ሳይቀር ያነጣዋል። ጉልበቴን የበላው ያ ብርድ ነው። ከደጅ እስከ ምንጭ መውረድ ሲያቅተኝ ልጄ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰደኝ። እስከ ሃሙሲት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ ክንዴን ይዞ። ማደሪያ አገኘልኝ፣ ስንቄን አስቀመጠ፣ ውሃው በጣም የማያቃጥልበትን ቦታ እጁን እየነከረ መረጠልኝ። ስትጨርሺ እኔው መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ከማንም ጋር እንዳትነሺ ብሎኝ ሄደ።

መጥተው የወሰዱኝ ታላቅ ወንድሜ ናቸው።

ልጁስ ብላቸው ሥራ በዝቶበት ነው አሉኝ። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። እኔ ጉልበቴ ተፍታቶልኝ ደስ ብሎኛል፣ አወራለሁ፣ አወራለሁ። ቤት ስንደርስ ሴቷ ልጄ፣ የዚች የምትጽፈው እናት፣ ወጥ ሠርታ ቆየችኝ። ምነው ዓይንሽ አብጧል ብላት ጭስ ነው አለችኝ። በላሁ። ጠግቤ በላሁ። ያ እህል እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም።

ጎህ ሲቀድ ውሻው ጮኸ። በሩ ሲከፈት ሽማግሌዎቹ፣ የነፍስ አባቴ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም፤ ስንቱ ደጅ አብሬ ቆሜያለሁ። ማን ነው ብቻ አልኳቸው።

ልጄ ከወንዛዬ በተመለሰ በማግስቱ ሆዱን አሞት ሆስፒታል ገባ። ቀደውትም አልዳነም። እኔ ውሃ ውስጥ ተቀምጬ ጉልበቴን ሳሻሽ እሱ እዚሁ ደብራችን አፈር ገብቷል።

ያልነገሩኝ በአገሩ ደንብ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ ለመንገደኛና ለበሽተኛ አይነገርም። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ እህል ቀምሶ፣ አድሮ ነው ጎህ ሲቀድ የሚረዳው። ፍል ውሃ የገባ ገላ ደግሞ ክፍት ነው ይባላል፣ እዚያ ላይ ክፉ ከሰማ እዚያው ይቀራል ይባላል። እኔም ለሌላው ሰው እንዲሁ አድርጌ አውቃለሁ። ስለዚህ ያን ጊዜ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት ኋላ ነው።

መርዶው ቤቴ ከተነገረ በኋላ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ እንዴት ተቀበረ። ወንድሜ ነገሩኝ። ጡሩንባው ጉና ማዶ ተሰማ አሉ። ፈረስ ተጭኖ ዞረ አሉ። ግንብ የሚያቀናበት ቱንቢውና መዶሻው ከልብሱ ጋር ተይዞ ተለቀሰበት አሉ። ከአንበሳሜ ድረስ አልቃሽ መጣች አሉ። ምን ብላ አለቀሰች ስላቸው ወንድሜ ሴቷን ልጄን አዩዋት። እሷም አጠገቤ እንደተቀመጠች፣ አንገቷን እንደደፋች፣ ግጥሙን አለችልኝ፦

ያቆመው ግንብ ሁሉ ዛሬም አለ ቆሞ፣
ግንበኛው ቀረልሽ አፈር ላይ ተጋድሞ።

ይኼን ስሰማ አንጀቴ ተቃጠለ፣ ግን ደግሞ አረፈ። ልጄ እንደ ሰው ተለቀሰለት አልኩ። እኔ ባልኖርም አገር ነበረለት አልኩ። ያቺን ግጥም ይዤ ከረምኩ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ሊያጽናናኝ ለሚመጣው ሁሉ የልጄን ቀብር እነግረዋለሁ። ፈረሱ እንዴት እንደዞረ፣ ቱንቢው በሰው እጅ እንዴት እንደተወዛወዘ፣ እንዳየሁት አድርጌ። ቀብሩ ላይ ለነበሩት ሰዎች ሳይቀር እነግራቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እውነትሽን ነው፣ እንዲያ ነበር ይሉኛል።

አርባው ሲወጣ አብሮት ይሠራ የነበረ ግንበኛ ከከተማ መጣ። ሰው ሲበተን ጠብቆ ጠጋ አለኝና በጨርቅ የጠቀለላትን ፍላሽ በእጄ አኖረ። "እማማ፣ እርስዎ ስላልደረሱ ቀብሩን በስልኬ ቀርጬው ነበር" አለኝ። "እዚች ውስጥ ነው።"

ወንድሜ አጠገቤ ነበሩ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፣ የኀዘን መስሎኝ። አሁን አታይውም፣ ልብሽ ይረፍ፣ ሙት ዓመቱ ይውጣ አሉኝ። የነፍስ አባቴም እንዲያው አሉ። እኔስ በምን አየዋለሁ፤ መንደራችን መብራት የለ፣ ላፕቶፕ ያላት የልጄ ልጅ ያኔ ሌላ አገር ትማራለች። እሺ አልኩ። ደግሞም የሰማሁት ይበቃኝ ነበር። ፍላሿን ከማተቤ ጋር አሰርኳትና አንገቴ ላይ አደረግኋት። ስተኛም አላወጣትም።

ከዚያ የጎረቤት ሽማግሌ ሞቱ። ለቅሶ ሄድኩ። ልጅ የሞተባት ሴት የሰው ለቅሶ ስትሄድ የምታለቅሰው የራሷን ነው፤ ይኼን የማያውቅ የለም፣ ቤተኞቹም ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም። ያቺን ግጥም አወጣኋት። ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ደረቴን ደቃሁ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ታጥቄ በሁለት እጄ፣ አሁንም አሁንም ደቃሁ። ሲደክመኝና ስቀመጥ ማተቤን ዳሰስኩ፤ ፍላሿ በጨርቋ ውስጥ ተንኮሻኮሸች። ፈትቼ ባያት ወገቧ ተቀንጥሷል። የምትሰካበት ብረት በቀጭን ነገር ተንጠልጥሏል። መስቀሌም ደረቴን ቀዶኝ ነበር፣ ያንን ያየሁት ግን ቤት ገብቼ ነው።

ወንድሜ ሲሰሙ እኔው ከተማ አሠራልሻለሁ ብለው ወሰዷት። ቆዩ። ስጠይቃቸው ዛሬ ነገ ይሉኛል። በመጨረሻ አመጡልኝ፤ በሙጫ ተለጥፋለች። አልሆነችም፣ ሞታለች፣ በቃሽ አሉኝ። ምን እላለሁ። መልሼ አሰርኳት።

የልጄ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ደብረ ታቦር ሥራ ስትይዝ ለጥየቃ መጣች። አንገቴ ላይ አየቻት። ነገሩን ነገርኳት። እሷም የአጎቷ ቀብር ላይ አልነበረችም፣ እንደኔው ኋላ ነው የተነገራት። "እምዬ፣ የተሰበረ ሁሉ አይጠፋም፣ እናሳየው" አለችኝ። ጉልበቴ እንደገና ታስሯል፣ ቢሆንም ተነስቼ ደብረ ታቦር ተከተልኳት።

ሠሪው ገበያው ጥግ ጠባብ ሱቅ ያለው እስላም ነው። ሬዲዮውም ስልኩም ሆዱ ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰውየው ቀልደኛ ነገር ነው። ፍላሿን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አያትና ሳቀብኝ።

"ምነው እማማ፣ በሙቀጫ ነው የወቀጧት?"

"በእጄ ነው" አልኩት።

"ማንን ሲመቱባት?"

"ራሴን። ለቅሶ ላይ።"

ሳቁን ዋጠ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ውስጧ ያለው ምንድን ነው ብሎ የልጄን ልጅ ጠየቃት፣ ነገረችው። ወንበር ሰጠኝ።

የላይ ልብሷን ላስቲኩን ፈለቀቀው። ውስጧ አረንጓዴ ስስ ነገር ነው፣ እሱ ላይ አንዲት ጥቁር ጠፍጣፋ ተቀምጣለች። በመርፌ ጫፍ ጥቁሯን አሳየኝ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚች ውስጥ ነው አለኝ፤ እሷ ከተሰነጠቀች እንኳን እኔ ባሕር ዳርም ቢሄዱ የሚያወጣልዎት የለም፣ እሷ ደህና ከሆነች ግን የተቆረጠው መንገዱ ነው፣ መንገድ ይቀጠላል አለኝ። በትልቅ መነጽር አጎንብሶ ብዙ ቆየ። እኔ የሱን ጀርባ ነበር የማየው። ሐኪሙ ልጄን ሲቀድ ደጅ ቆሜ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ነበር የማየው አልኩ በሆዴ።

ቀና ሲል ጥቁሯ ደህና ናት አለ። ሙጫውን ግን ማን ቀባው አለ፣ ተቆጥቶ። ሙጫው በተቆረጠው መሐል ገብቶ ደርቋል፣ ይኼን ያደረገ ሰው ዳግም እንዳትነሳ ነው ያደረጋት አለ። የኔው ሰው ነው፣ ሊያሠራልኝ ወስዶ ነው አልኩት። ወደ ልጄ ልጅ አየ፣ እሷም መሬት አየች። ወንድሜ አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጠየቅኋቸውም። እንዲህ ያለውን ነገር ጠይቀሽ የሚመለስልሽን ታምኛለሽ?

ሙጫውን በመርፌና መድኃኒት በነካ ጥጥ ሲፍቅ ውሎ ሌላ ቀን ተመለሱ አለን። በተመለስን ጊዜ ጫፉ የጋለ ብረት ይዞ፣ እርሳስ እያቀለጠ፣ ከሰው ጠጉር የማይወፍሩ ሽቦዎች ከተቆረጠው ወደ ተቆረጠው ይቀጥላል። ለመሰኪያዋም ከአሮጌ ገመድ ጫፍ ቆርጦ ተከለላት። ቢስሚላህ ብሎ ላፕቶፑ ላይ ሰካት። ማንም ጠረጴዛውን አይንካ አለ። እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ።

ምንም የለም። ሽቦዋን በመርፌ ጫን አደረጋት። ያን ጊዜ ላፕቶፑ ላይ ብቅ አለች፤ የልጄ ልጅ ክንዴን ያዘችኝ።

ልትከፍተው እጇን ስትሰድ ከለከላት። መጀመሪያ ይገልበጥ፣ ማየቱ ይደርሳል፤ እንዲህ ያለች ዕቃ አንዴ ከነቃች መቼ እንደምትተኛ አይታወቅም አላት። አንዲት አረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ እየሞላች ሄደች። ልትሞላ ጥቂት ሲቀራት ቆመች፣ ፍላሿም ትኩስ ሆነች፣ ጠፋች። ዳግም አልተነሳችም። የመጣው መጥቷል፣ የቀረው ቀርቷል አለ ሠሪው። የመጣውን አዲስ ፍላሽ ላይ አደረገልን። አሮጌዋን ሊጥላት ሲል ስጠኝ አልኩት፤ ከነሽቦዋ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

የልጄ ልጅ ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። መጀመሪያ የመጣው የግንብ ሥራ ፎቶ ነው። ልጄ ግድግዳ ላይ ቆሞ ይስቃል። ከዚያ ቀብሩ መጣ።

ጡሩንባ የለም። ፈረስ የለም። እፍኝ የማይሞላ ሰው ነው። ቄሱ ፍትሐቱን በቶሎ በቶሎ ያደርሳሉ፣ ዲያቆኑ ጃንጥላ እንኳ አልዘረጋም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ከኋላ ቆመዋል። ቱንቢ የያዘ የለም፣ ልብስ የያዘ የለም። ወንድሜ በሰው መሐል ይዘዋወራሉ፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። ሬሳው ሲወርድ ሴቷ ልጄ አፏን ከፈተች። አንድ ድምፅ ብቻ ወጣ። ወንድሜ በመዳፋቸው አፏን ከደኑት። ዓይኗ ከመዳፋቸው በላይ ሲንከራተት ይታያል። ከዚያ የአካፋው ድምፅ ነው። አፈሩ ድንጋይ አለበት፣ ይንኳኳል።

ይኼ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው ግን ያለቅሳል። ከቅርብ፣ ጆሮ ስር ነው የሚሰማው። ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ንፍጡን ይስባል። ማን ነው ይኼ፣ የት ነው ያለው አልኳት የልጄን ልጅ። "ስልኩን የያዘው ነው፤ ቀራጩ" አለችኝ። ለልጄ በቀብሩ ያለቀሰለት ያ ባዳ ልጅ ነው፣ እሱም አይታይም።

የመጨረሻው አልከፈት አለ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም። የከፋ ነገር የቀረበት አይመስለኝም።

እኔ ያን ሁሉ ወር ምን እያልኩ እንደኖርኩ አስቡት። ፈረስ ያልዞረለትን ልጅ ፈረስ ዞረለት እያልኩ። እነዚያ ነጠላ አፋቸው ውስጥ የጠቀጠቁት ሴቶች ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ከፊቴ ቆመው፣ እኔ ስናገር፣ እንዲያ ነበር እያሉኝ። ቤታቸው ሲገቡ ምን ተባባሉ? አዘኑልኝ ይሆናል። እኔ ያን ኀዘኔታ አልፈልገውም።

ሴቷን ልጄን ጠየቅኋት። ዝም በይ ተባልኩ፣ ዝም አልኩ አለች። አልቃሿስ አልኳት። አልቃሽ አልነበረችም። ግጥሟስ አልኳት።

"የኔ ናት" አለችኝ። "ያን ጠዋት አጠገብሽ ሆኜ ነው የመጣችልኝ። መቃብሩ ላይ እንዳልላት አፌን ይዘውኝ ነበር።"

ይኼንን ጻፊው፣ እናትሽ ናት ብለሽ አትተይው። በሷ ሙሉ በሙሉ አልጨከንኩም። ለወንድሟ ያለቀሰችለት ያን ጊዜ ነው፣ እኔን እየዋሸች።

ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋሼ፣ ቀብሩን አየሁት አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው፣ የትኛውን ቀብር አላሉኝም።

"አንቺን ለማትረፍ ነው" አሉኝ። "ጡሩንባ ቢነፋ ገበያተኛው ወሬውን ወንዛዬ ያደርሰው ነበር። አንዱን ቀብረን ሳንመለስ ሁለተኛ እንድንቆፍር ነው?"

"እሱስ ይሁን። ተለቀሰለት ማለታችሁስ?"

"ደስ ብሎሽ አልነበር?"

ደስ ብሎኝ ነበር። ደጃቸው ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ አምጡላት አሉ። አልጠጣሁም።

ልጄ አሁንም እንዲለቀስለት ፈለግሁ። የቅሬውን፣ የቀብር ማኅበራችንን፣ ጡሩንባ ነፊ ለመንኩት። ጥሩ ሰው ነው፣ ልጄ የመቃብር ቤት ሲሠራ ድንጋይ አቀብሎታል። አንገቱን አከከ። "እማማ፣ ጡሩንባ ሲሰማ ሰው በሬውን ጥሎ ነው የሚመጣ። ማን ሞተ ልበለው?" አለኝ። ልጄ በለው አልኩት። "እሱማ ሞቷል" አለኝ። እውነቱን ነው። ለአንድ ሰው ሁለቴ አይነፋም ይላሉ፤ አንዴም እንዳልተነፋለት የማስረዳው አጣሁ።

ያን ቀራጩን ግንበኛ አስጠራሁት። የልጄን ቱንቢና መዶሻ በሲሚንቶ ከረጢት ጠቅልሎ ይዞ መጣ። እስከዛሬ እሱ ጋ ነበር፣ ማንም አልጠየቀውም። አብልቼ ሸኘሁት። ስለ ቀብሩ አላነሳሁበትም፣ እሱም አላነሳም። ሲወጣ ግን ትከሻውን ሳምኩት።

ዘንድሮ ታላቅ ወንድሜ ሞቱ። ዕድሜ ጠግበው ነው፣ ልጅ የልጅ ልጅ ከቧቸው። ጡሩንባው ገና ሳይነጋ ተነፋ፣ ጉና ማዶ ተሰማ፣ ይኼን በራሴ ጆሮ ሰማሁ። ፈረሳቸው ተጭኖ ዞረ። ካባቸው፣ ጭራቸው፣ ከዘራቸው ተይዞ ተለቀሰበት። አልቃሽዋ ከአንበሳሜ መጣች። ልክ ለልጄ ሆነ ብለው የነገሩኝ ሁሉ ሆነላቸው፣ አንድም ሳይጎድል። ያን ጠዋት ያወሩልኝ የገዛ ቀብራቸውን ኖሯል።

እኔ እህታቸው ነኝ፣ ከፊት ነው የምቀመጠው። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሴቷ ልጄ አጎቷን እየጠራች ታለቅሳለች፣ አሁን አፏን የሚይዛት የለም። ሴቶቹ ደረት ይደቃሉ። አጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

"ምነው አንቺ፣ ለወንድምሽ እጅሽ አይነሳም?"

የልጄ ልጅ ከኋላዬ ናት፣ ትሰማኛለች። ፍላሿ ባዶ እንደሆነች፣ የውስጧ ሌላ ቦታ ተገልብጦ እንደተቀመጠ ታውቃለች። እጄን ማተቤ ላይ አደረግሁ።

"ፍላሿ እንዳትሰበርብኝ ነው" አልኳት ጎረቤቴን።